የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ ሕይወትና የተለዩት ወንድሞች

በመጽሔታችን ላይ የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ መምህራችን ባዘዙኝ ጊዜ፥ ማንን እንደምመርጥ ለማሰብ ብዙ ቀን አልፈጀብኝም። ምክንያቱን አስቀድሜ ብናገር ታሪኩ ለአንባቢ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ቤተ ሰቦቼ ካቶሊካውያን ናቸው። በክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጠው ጓደኛዬ ግን ፕሮቴስታንት ነው። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ አብረን አጥንተናል፤ እናቱ በሠሩት ምሳም ብዙ ቀን አብረን ተመግበናል። ባለፈው ዓመት በክረምት መግቢያ እኒህ እናቱ ዐረፉ። እኔም ለቀብር ሄድሁ፤ ነገር ግን ሕዝቡ ለጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲገባ እኔ በደጅ ቀረሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን፥ ካቶሊካዊ ሰው በእነዚያ ቤት ገብቶ ቢገኝ ኃጢአት ይሆንበታል ሲሉ እሰማ ነበርና ፈራሁ። ዝናብ እየመታኝ በአጥሩ ሥር ቆሜ ሳለሁ፥ ጓደኛዬ የእናቱን አስከሬን ተከትሎ ሲወጣ አየኝ። ምንም አልተናገረም። ትምህርት ሲከፈት በዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ ከሰላምታ በቀር ግን የምንነጋገረው ጠፋ።

ነገሩ ስለ ከበደኝ አንድ ማታ ለአባቴ ነገርኋቸው። ካቶሊካውያን ሌሎቹን ክርስቲያኖች እንደ ምን አድርገው ነው የሚያዩአቸው ብዬም ጠየቅኋቸው። አባቴ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ የዮሐንስ 23ኛን የሕይወት ታሪክ የያዘ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርደው ሰጡኝና፥ መልሱን ከዚህ ሰው ኑሮ ፈልገው አሉኝ። እኔም ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንጀሎ ጁዜፔ ሮንካሊ በኖቬምበር 25 ቀን 1881 በሰሜን ኢጣልያ፥ በቤርጋሞ አውራጃ፥ ሶቶ ኢል ሞንቴ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለዱ። ወላጆቻቸው በእኛ አገር የእኩል አራሽ እንደሚባለው፥ የሰው መሬት እያረሱ ከምርቱ ድርሻውን ለባለ ርስቱ የሚያስረክቡ ድኾች ገበሬዎች ነበሩ። ልጆቹም ብዙዎች ስለ ነበሩ በማዕዱ ዙሪያ ቦታ ይጠብ ነበር ይባላል። መንደሪቱ በሙሉ ካቶሊካዊት ነበረች። ስለዚህ ሕፃኑ አንጀሎ ከራሱ ቤተ ክርስቲያን ውጪ የሆነ ክርስቲያን በዓይኑ ሳያይ አደገ።

በልጅነታቸው ወደ ቤርጋሞ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሮማ ተላኩ። በ1904 ማዕርገ ክህነትን ተቀብለው፥ ከ1905 ጀምሮ ለቤርጋሞው ጳጳስ ለራዲኒ ቴዴስኪ ጸሐፊ ሆነው ዘጠኝ ዓመት ያህል አገለገሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሕክምና ክፍል በሃምሳ አለቅነት፥ በኋላም የወታደሮች የነፍስ አባት ሆነው የቆሰሉትን አስታመሙ፤ የሚሞቱትን አጽናኑ። እስከዚህ ድረስ ሕይወታቸው ከሌሎች ብዙ ካህናት ሕይወት እምብዛም የሚለይ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ስለ ሌሎች ክርስቲያኖች የነበራትን አቋም እዚህ ላይ መግለጥ ያስፈልጋል። ክርስቲያኖች በታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተከፋፍለዋል። በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ የግብጽ፥ የሶርያ፥ የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ወገን ቆሙ። በ1054 ሮማና ቁስጥንጥንያ ተወጋገዙ። በ1517 ደግሞ ማርቲን ሉተር በጀርመን አገር ያስነሣው ክርክር ፕሮቴስታንቶችን ከሮማ ለየ። ከዚያ ወዲህ የካቶሊክ ሊቃውንት ፕሮቴስታንቶችን መናፍቃን፥ ኦርቶዶክሳውያንን ደግሞ ተገንጣዮች እያሉ ይጽፉ ነበር፤ እነዚያም በበኩላቸው ስለ ሮማ የሚጽፉት ከዚህ የለዘበ አልነበረም። በ1928 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ባወጡት መልእክት ካቶሊካውያን በአብያተ ክርስቲያናት የአንድነት ስብሰባዎች እንዳይካፈሉ ከለከሉ። ምክንያታቸውም እውነት እንደ ገበያ ዕቃ በድርድር እንዳትሸራረፍ ማለታቸው ነበር። አንድነት የሚገኘውም የተለዩት ወደ ሮማ ሲመለሱ ብቻ ነው የሚል ነበር። እንግዲህ ሽማግሌው ዘመዳችን ይናገሩት የነበረው ከራሳቸው የፈለሰፉት አልነበረም፤ የዚያ ዘመን ትምህርት ቅሪት ነው።

አባ ሮንካሊ በ1925 የሊቀ ጳጳስነት ማዕርግ ተሰጥቷቸው የሮማ መልእክተኛ በመሆን ወደ ቡልጋርያ ተላኩ። ቡልጋርያ የኦርቶዶክሳውያን አገር ነች። ካቶሊካውያኑ በዚያ ጊዜ ጥቂት አሥር ሺዎች ብቻ ሆነው በየመንደሩ ተበታትነው ይኖሩ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ በአህያና በበቅሎ እየተጓዙ እነዚህን ምእመናን ጎበኙ። በሀገሬው ዘንድ ግን የሮማ ሰው በመሆናቸው በጥርጣሬ ይታዩ ነበር፤ ሕዝብን ከሃይማኖቱ ሊያስኮበልል የመጣ ነው ተብሎ ይታማ ነበርና። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳና አናሳ ሆነው መኖርን ያወቁት በዚህ አገር ነው።

በ1928፥ ያ የክልከላ መልእክት በወጣበት ዓመት፥ በቡልጋርያ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ቺርፓን የምትባለው ከተማና ፕሎቭዲቭ እጅግ ተጎዱ። ሊቀ ጳጳሱ ወደ ስፍራው ፈጥነው ሄደው ከሮማ ያስመጡትን እርዳታ ለተራቡትና ቤት ለፈረሰባቸው አደሉ። ሲያድሉም ካቶሊካዊውን ከኦርቶዶክሳዊው አልለዩም። ለመልእክቱ ታዛዥ ነበሩ፤ እንጀራ ሲቆርሱ ግን የሰውን ሃይማኖት አልጠየቁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ መራራ ፈተና ገጠማቸው። ኦርቶዶክሳዊው የቡልጋርያ ንጉሥ ቦሪስ 3ኛ ካቶሊካዊቱን የኢጣልያ ልዕልት ጆቫናን ለማግባት ፈለጉ። ሮማም ጋብቻው በካቶሊክ ሥርዓት ብቻ እንዲፈጸም ቃል አስገብታ ፈቀደች። በኦክቶበር 1930 በአሲዚ ከተማ ሥርዓቱ ተፈጸመ። ንጉሡ ግን ሶፍያ በደረሱ ጊዜ የሕዝባቸውን ስሜት በመፍራት በኦርቶዶክስ ካቴድራል ሁለተኛ ሥርዓት አስደረጉ፤ በ1933 የተወለደችውን ሴት ልጃቸውንም በኦርቶዶክስ ሥርዓት አስጠመቁ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ተቈጡ፤ ነገሩን ሲያደራድሩ የነበሩት ሮንካሊም በሁለቱም ወገን አፈሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ በኋላ በሩን በዘጋ ነበር። እሳቸው ግን ንጉሡ በሕዝባቸውና በቃላቸው መካከል መጨነቃቸውን ተረድተው ቂም አልያዙባቸውም። በዚህም ምክንያት ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1943፥ አይሁድ በናዚዎች በሚታደኑበት ጊዜ፥ ስለ እነርሱ ሕይወት ለዚያው ንጉሥ ደብዳቤ ጽፈው ለመማለድ ቻሉ። ያልተዘጋ በር ለጭንቅ ቀን እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

በ1934 መጨረሻ ከቡልጋርያ ሊነሡ በተዘጋጁ ጊዜ በልደት በዓል የስንብት ስብከት አደረጉ። በዚያም ስለ አንድ የአየርላንድ ልማድ አነሡ። በአየርላንድ በልደት ሌሊት በመስኮት ላይ መብራት ይቀመጣል፤ ዮሴፍና ማርያም ማደሪያ ፈልገው ቢያልፉ ቤተ ሰቡ እየጠበቃቸው መሆኑን እንዲያውቁ ነው። ሊቀ ጳጳሱም ከእንግዲህ የትም ቢኖሩ፥ ማንኛውም የቡልጋርያ ሰው፥ ካቶሊካዊም ይሁን ኦርቶዶክሳዊ፥ በራቸውን ቢያንኳኳ እንደሚከፈትለት ለሕዝቡ አስታወቁ። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ሰዓት ተቀመጥሁ። እሳቸው በር ሲከፍቱ እኔ በተከፈተ በር ፊት ቆሜ አልገባ ብዬ ነበርና።

ከዚያ ወደ ቱርክና ወደ ግሪክ ተላኩ፤ መኖሪያቸውም በእስታምቡል ሆነ። በ1935 የቱርክ መንግሥት የሃይማኖት ልብስ በአደባባይ እንዳይለበስ ሲከለክል፥ ሳያጕረመርሙ ቀሚሳቸውን አውልቀው እንደ ሌላው ሰው ኮትና ሱሪ ለበሱ። በ1939 ፒዮስ 11ኛ ባረፉ ጊዜ በእስታምቡል የሚገኘው የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ለጸሎተ ፍትሐቱ ወኪል ልኮ ነበር። ሮንካሊም በዚያው ዓመት ራሳቸው ወደ ፓትርያርክ ቤንያሚን መንበር ሄደው ምስጋና አቀረቡ። ዛሬ ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ኩርፊያ በኋላ የሮማ መልእክተኛ ያን ደጅ መርገጡ ታላቅ ነገር ነበር። ግሪክም በጦርነቱ ጊዜ በጠላት ተይዛና መንገዷ በእንግሊዞች ተዘግቶ ሕዝቧ በረኃብ ሲያልቅ፥ እህል የሚገባበትን መንገድ ለማስከፈት ከኦርቶዶክሱ ሊቀ ጳጳስ ከዳማስኪኖስ ጋር ተገናኝተው መከሩ፤ ለሮማም አሳሰቡ።

በ1944 መጨረሻ የቫቲካን አምባሳደር ሆነው በፈረንሳይ ተሾሙ። በ1953 ካርዲናልና የቬኒስ ፓትርያርክ ሆኑ። በኦክቶበር 28 ቀን 1958 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው ተመረጡና ዮሐንስ 23ኛ ተባሉ። ዕድሜያቸው 77 ሊሞላ አንድ ወር ያህል ቀርቶት ስለ ነበር፥ ብዙ ሰዎች ለጥቂት ጊዜ መንበሩን ጠብቀው ለተተኪ የሚያስረክቡ ሽማግሌ ናቸው ብለው ገመቱ። ግምቱ ግን ተሳሳተ።

ከተመረጡ ሦስት ወር ሳይሞላ፥ በጃንዋሪ 25 ቀን 1959፥ ለክርስቲያኖች አንድነት የሚጸለይበት ሳምንት ሲፈጸም፥ በቅዱስ ጳውሎስ ባዚሊካ 17 ካርዲናሎች በተሰበሰቡበት የዓለም ጉባኤ እንደሚጠሩ አስታወቁ። ካርዲናሎቹ በድንጋጤ ዝም አሉ። በ1960 የክርስቲያኖችን አንድነት የሚያራምድ ጽሕፈት ቤት አቋቁመው፥ ጀርመናዊውን የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ ካርዲናል ቤአን አለቃ አድርገው ሾሙበት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መሪ የሆኑት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ፊሸር ሊጎበኟቸው መጡ። ከ1397 ጀምሮ አንድም የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ወደ ሮማ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ደጅ መጥቶ አያውቅም ነበር። በ1948 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በአምስተርዳም ሲመሠረት ካቶሊካውያን እንዳይገኙ ተከልክለው ነበር፤ በ1961 በኒው ዴልሂ በተደረገው ስብሰባ ግን የቫቲካን ታዛቢዎች በይፋ ተላኩ።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኦክቶበር 11 ቀን 1962 ተከፈተ። ወደ 2,500 የሚጠጉ አባቶች በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ተሰበሰቡ። ከእነርሱም ጋር የሉተራውያን፥ የአንግሊካን፥ የሜቶዲስትና የሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ታዛቢዎች ተጋብዘው መጡ። የእኛም አገር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታዛቢዎቿን ልካ ነበር። ከጉባኤው ቀኖችም በአንዱ ቅዳሴው በግእዝ፥ በኢትዮጵያ ሥርዓት ከነከበሮው ተቀደሰ። ታዛቢዎቹ የተቀመጡት በስተኋላ አይደለም፤ በመሠዊያው አጠገብ፥ ከካርዲናሎቹ ፊት ለፊት ነበር። ለጳጳሳቱ የሚታደለው ምስጢራዊ ጽሑፍ ሁሉ ለእነርሱም ይሰጣቸው ነበር። ጉባኤው በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ዮሐንስ 23ኛ ታዛቢዎቹን በተቀበሏቸው ጊዜ በዙፋን ላይ አልተቀመጡም፤ እንግዶቻቸው በተቀመጡበት ዓይነት ተራ ወንበር ላይ ሆነው አነጋገሯቸው።

አንዳንድ ሰው ምናልባት እኒህ አባት ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው ብለው ያስተማሩ ይመስለው ይሆናል። እንዲህ አይደለም። እሳቸው በቤተ ክርስቲያናቸው ትምህርት የጸኑ፥ በየዕለቱ መቍጠሪያ የሚደግሙ፥ የትሬንት ጉባኤን ሥርዓት በሥራ ላይ ያዋሉትን የቅዱስ ካርሎ ቦሮሜዎን መዛግብት በአምስት ቅጾች ያሳተሙ ሰው ነበሩ። የእምነት ልዩነት ቀላል ነው አላሉም። ያደረጉት ነገር ሌላ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ፥ በውኃና በሥላሴ ስም የተጠመቀ ሰው ከሌላ ወገን ቢመጣ ዳግመኛ አታጠምቀውም፤ ጥምቀቱ እውነተኛ ነውና። ጥምቀቱ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ የተጠመቀው ሰው የክርስቶስ አካል ነው፤ የክርስቶስ አካል ከሆነም ወንድም ነው። ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ኖሯል፤ ጠብ አቧራውን ስላለበሰው ግን የሚኖርበት ሰው ጥቂት ነበር። ዮሐንስ 23ኛ አቧራውን አራገፉለት እንጂ አዲስ ሃይማኖት አላመጡም።

የሥራቸውን ፍጻሜ ለማየት አልታደሉም። ጉባኤው ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው የሆድ ነቀርሳ እንደያዛቸው ታውቆ ነበር። በኤፕሪል 1963 ስለ ዓለም ሰላም ለካቶሊካውያን ብቻ ሳይሆን ለበጎ ፈቃድ ሰዎች ሁሉ መልእክት ጽፈው፥ በጁን 3 ቀን 1963 በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያን ጊዜ የሆነ አንድ ነገር ልጥቀስ። ካቶሊካውያንና ፕሮቴስታንቶች በሚጠላሉባት በሰሜን አየርላንድ ከተማ በቤልፋስት፥ በፕሮቴስታንቶች የሚመራው ማዘጋጃ ቤት ስለ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሞት ሰንደቅ ዓላማውን ዝቅ አድርጎ ሰቀለ። ይህን ተቃውመው በሰልፍ የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ባንዲራው ግን ዝቅ ብሎ ዋለ።

ጉባኤውን ተተኪያቸው ጳውሎስ 6ኛ አስቀጠሉት። በኖቬምበር 21 ቀን 1964 ስለ ክርስቲያኖች አንድነት የተዘጋጀው ድንጋጌ በ2,137 ድምፅ ድጋፍና በ11 ድምፅ ተቃውሞ ጸደቀ። ድንጋጌው በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የተጠመቁ ሰዎች ፍጹም ባይሆንም እውነተኛ በሆነ ኅብረት ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዙ ወንድሞች መሆናቸውን አወጀ። ለመለያየቱ በሁለቱም ወገን በደለኞች እንደ ነበሩ፥ ዛሬ በእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት የሚወለዱ ሰዎችም በጥንቱ መለያየት ሊከሰሱ እንደማይገባ ገለጠ። አልፎ አልፎ በአንድነት መጸለይን ፈቀደ። ሆኖም በቅዱስ ቍርባን አብሮ መካፈል የእምነት አንድነት ምልክት ስለሆነ፥ ልዩነቱ ባለበት እንደ ፈቀዱ የሚደረግ አይደለም አለ። በዲሴምበር 7 ቀን 1965 ደግሞ ሮማና ቁስጥንጥንያ በ1054 የተወጋገዙትን ግዝት ከመካከላቸው አነሡ። ዮሐንስ 23ኛ በኤፕሪል 27 ቀን 2014 በቅድስና ማዕርግ ተሰየሙ። በአሜሪካ ብዙ ሉተራውያንም በቀን መቍጠሪያቸው ጁን 3 ቀን ያስቡአቸዋል።

መጽሐፉን ከጨረስሁ በኋላ ለጥቂት ቀናት ድፍረት አጣሁ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድሁና ደጁን አንኳኳሁ። ከፈተልኝ። በዚያ ቀን በደጅ የቀረሁት በምን ምክንያት እንደ ሆነ ነገርሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም የእናቱን ምሳ የበላሁ ልጅ እናቱን ንቄ የቆምሁ መስሎት ዓመቱን ሙሉ ሲያዝን መኖሩን ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ብዙ አልተናገርንም። አባቱ ቡና እንዲፈላ አዘዙ፤ ከምግቡ በፊት በጸለዩ ጊዜ እኔም በራሴ ሥርዓት አማትቤ አብሬ አቤቱ አባታችን ሆይ ደገምሁ።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ እኔ ዛሬም ካቶሊካዊ ነኝ፤ ጓደኛዬም በእምነቱ የጸና ነው፤ ስለ ብዙ ነገር እንከራከራለን። ነገር ግን በክፍላችን የሁሉም ቤተ ክርስቲያን ልጆች፥ የእስልምና ተከታዮችም ጭምር፥ ጐን ለጐን ተቀምጠን የምንማር ስለሆነ፥ ከእኒህ የገበሬ ልጅ ሕይወት የምንማረው አይጠፋም። በእምነት መጽናት የጎረቤትን ለቅሶ በአጥር ሥር ሆኖ ማየትን አያስገድድም። ይህን ዘግይቼም ቢሆን ተምሬአለሁ፤ የጓደኛዬ እናት ቀብር ግን ተመልሶ አይመጣም።